ምድጃውን ማን ይጠግነዋል?

ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚወጣው መንገድ ቡይት ራስ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን አልፏል። በዚህ ከፍታ ብርዱ ከክረምት እስከ በጋ አይለቅም፤ ከእህል ቀጥሎ የቤቱ ትልቅ ጭንቀት ማገዶ ነው። ገበሬው ገብስ ያበቅላል፤ ሴቶች ገብሱን አስፈጭተውና አብኩተው በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ እንጀራ ይጋግራሉ። የሚነደው ባሕር ዛፍ፣ ጭራሮና ኩበት ነው፤ ሲቸግር ደግሞ አስታ ይቆረጣል። አስታው ዋልያ የሚጠለልበት ደን ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ለመውጣት እስከ 2017 ቆየ። ስለዚህ በደባርቅና በዳባት ወረዳዎች አንድ ምድጃ በእርግጥ ማገዶ ይቆጥባል ወይስ አይቆጥብም የሚለው ጥያቄ የእናቶችን ወገብ፣ የሕፃናትን ሳንባና የተራራውን ደን በአንድ ላይ ይነካል።

ለዚህ ጥያቄ በአገራችን የተለመደው መልስ ቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ምድጃ ተሠራጨ፣ ይህን ያህል ሴቶች ሠለጠኑ፣ ይህን ያህል ወጣቶች በማኅበር ተደራጁ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ 9 ሚሊዮን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ለማዳረስ ታቅዶ ነበር። ዕቅዱ ትልቅ መሆኑ አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው ከዕቅዱ ጋር የመጣውና እስከ ቀበሌ የወረደው አስተሳሰብ ነው። ምድጃው ከመጋዘን ከወጣ ሥራው እንዳለቀ ይቆጠራል፤ የወጣው ምድጃ ቁጥር ካደገ ደግሞ ንድፉ ጥሩ፣ ሠሪውም ንቁ እንደሆነ ይታመናል።

ይኸው አስተሳሰብ በአዲስ አበባ የፈጠራ ማዕከላትም ሆነ በውጭ አገር የንድፍ ማኅበረሰቦች ዘንድ ነግሷል። እዚያ የሚቆጠረው በአውደ ርዕይ የታየ ናሙና፣ የተሰጠ ሽልማት፣ ከበይነ መረብ የወረደ ፋይል ነው። መለኪያው በሁለቱም ቦታ የተሳሳተ ነው። ስሕተቱ የሚያስከፍለው ደግሞ ሪፖርቱን የጻፈውን ሰው ሳይሆን ማገዶ ተሸክማ ዳገት የምትወጣውን ሴት ነው።

ኦፕን ሶርስ ሃርድዌር የሚባለው አሠራር የአንድን ዕቃ ንድፍ ማንም እንዲያየው፣ እንዲሠራው፣ እንዲለውጠውና እንዲሸጠው መልቀቅ ነው። ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና ስለ ስሪዲ ፕሪንተር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን በዚህ መንገድ ከተሠሩ ዕቃዎች መካከል በስፋቱ የሚጠቀሰው «ምርት» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ነው። ምርት በ1980ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል፣ በዓለም ባንክ በተደገፈ ፕሮጀክት ውስጥ ተነደፈ፤ በኋላም የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት በየክልሉ እንዲስፋፋ ደገፈ። ንድፉን አንድ ፋብሪካ በብቸኝነት አልያዘውም። ሞልድና ሥልጠና እየተሰጣቸው በየከተማው ያሉ ትናንሽ አምራቾች እንዲሠሩትና እንዲሸጡት ነው የታሰበው። ስለዚህ ስለ ክፍት ንድፍ ሕያውነትና ጥራት መከራከር የሚፈልግ ሰው በምርት ቢጀምር ከባዕድ ምሳሌ ይልቅ ጓዳው የሚያውቀው ጉዳይ ያገኛል።

ምርት ስድስት ክፍል አለው። አራቱ ሲገጣጠሙ ክብ ግድግዳ ሠርተው ምጣዱን ይሸከማሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ቆመው ጭሱን ያሳልፋሉ፣ ድስትም ያስጥዳሉ። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከፑሚስ ነው። ሠራተኛው ሞልዱን በተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ድብልቁን በእጁ ጨብጦ ይፈትነዋል፤ ከተያያዘና ውሃ ካላንጠባጠበ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በየጥቂቱ እየጨመረ ይጠቀጥቃል፣ አፉን ይደለድላል፣ ሞልዱን ፈትቶ ክፍሉን ጥላ ውስጥ ያሳርፋል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥራ ለዓይን የሚገባ አይደለም። የተሠራውን ክፍል ለብዙ ቀናት ውሃ እያጠጡ ማቆየት ነው። ሲሚንቶ ጥንካሬውን የሚያገኘው እርጥበት ሳያጣ ሲቆይ ነውና ውሃው ከተጓደለ ምድጃው ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ እሳት ሲነካው ግን ይሰነጠቃል።

እዚህ ላይ ደባርቅ ከአዳማ ይለያል። ፑሚስ የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ ነው፤ በስሜን ግርጌ የሚገኘው ጥቁር ድንጋይና የወንዝ አሸዋ ነው። በአሸዋ የተሠራ ምድጃ ይከብዳል፤ በአህያ ተጭኖ ዳገት ለሚወጣ ዕቃ ክብደት ትንሽ ነገር አይደለም። ብርድ ደግሞ የሲሚንቶን መጠንከር ያዘገያል፤ በሞቃት ከተማ ለተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ የሚበቃው ቀን ደባርቅ ላይ ላይበቃ ይችላል። ሞልዱም በጊዜ ብዛት ይጣመማል። የምጣዱ ስፋትም ከሸክላ ሠሪ ሸክላ ሠሪ ይለያያል፤ ምጣዱ ከግድግዳው ጋር ካልገጠመ እሳቱ በክፍተቱ ይወጣል፣ ጋጋሪዋም ክፍተቱን በጭቃ ትመርጋለች። እነዚህ ሁሉ የንድፍ ጥያቄዎች ናቸው። መልሳቸውን የሚያውቁት ደባርቅ ላይ የሚጠቀጥቀው ሠራተኛና ጭቃ የምትመርገው ጋጋሪ ናቸው። ቁጥር ብቻ በሚጠይቅ ሪፖርት ውስጥ የእነሱ ዕውቀት የሚገባበት ዓምድ የለም።

የቁጥር ደጋፊዎች የሚያነሱት የመጀመሪያ መከራከሪያ አንድ ምድጃ የሚቆጥበው ማገዶ በቤተ ሙከራ ስለሚታወቅ የተሠራጨውን በዚያ ማባዛት ይበቃል የሚል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ችግሩ ጓዳ ውስጥ ሲገባ አለመያዙ ነው። የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች በገጠር ኢትዮጵያ የምርት ምድጃን በዕጣ በተመደቡ ቤተሰቦች ዘንድ አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ባንክ የጥናት ጽሑፍነት አውጥተዋል። በየምድጃው የሙቀት መለኪያ ስለተገጠመ መቼ እንደነደደና መቼ እንዳልነደደ ከባለቤቲቱ ቃል ውጭ ታውቋል። ውጤቱ አንድ ምድጃ በዓመት በአማካይ 634 ኪሎ ግራም ያህል እንጨት እንደሚቆጥብ ያሳያል። ይህ ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሲነገሩ ከነበሩት ግምቶች ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው።

ይህን ግማሽ ያህል ልዩነት አንባቢ በቸልታ እንዳያልፈው። ግምቱን ይዞ በመቶ ሺህ ያባዛ ሪፖርት ግማሽ ደን በወረቀት ላይ አብቅሏል ማለት ነው። ስሕተቱም የተገኘው ተጨማሪ ምድጃ በመቁጠር አይደለም፤ እዚያው የነበረው ምድጃ ምን ያህል እንደነደደ በመለካት ነው። ከዚሁ ጥናት ሌላ ትምህርት ይወሰዳል። በተጠቃሚዎቹ መካከል የመገናኛ መረብ መፍጠር በጥቅሉ የሚቆጠበውን ማገዶ ከፍ የሚያደርግ ሆኖ ታይቷል። ጎረቤት ከጎረቤት ተገናኝታ ስለ ምድጃው መነጋገሯ በኪሎ ግራም የሚለካ ውጤት አለው። የንድፍ ማኅበረሰብ የሚባል ነገር ካለ ይኸው ነው፤ ሆኖም በሥርጭት ሪፖርት ውስጥ አይቆጠርም።

ለፍትሕ ሲባል ጥናቱ የሥርጭት ተሟጋቾችን የሚደግፍ ግኝትም እንዳለው መነገር አለበት። ከገንዘብ ነክ አማራጮች ሁሉ ጠንካራ በጎ ውጤት የታየው በነፃ በማደል ነው። ሰው የከፈለበትን ብቻ ያከብራል የሚለው የተለመደ አባባል በዚህ ጉዳይ አልተደገፈም። ስለዚህ ጠቡ ከማዳረስ ጋር አይደለም። ምድጃው ከታደለ በኋላ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ የሥራውን ጥራት ከሚመሰክሩ ጋር ነው።

ሕንድ ይህን በረጅም ጊዜ አይታዋለች። ሬማ ሃና፣ ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ግሪንስቶን በኦዲሻ ግዛት የተሻሻለ ምድጃ ያገኙ ቤተሰቦችን እስከ አራት ዓመት ተከታተሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሰዎች የሚተነፍሱት ጭስ ቀንሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ጠፋ፤ ቤተሰቦቹ ምድጃውን አዘውትረው አልተጠቀሙበትም፣ እንዲቆይ የሚያስፈልገውንም ጥገና አላደረጉም። ያ ፕሮጀክት በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ ተሳክቷል ተብሎ በተጻፈለት ነበር።

ሁለተኛው መከራከሪያ ጥራትን ለባለሙያና ለቤተ ሙከራ መተው ይሻላል ይላል። ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል፤ የሁለት ምድጃዎችን ልዩነት በእኩል ሁኔታ ለመለየት ከእሱ የተሻለ የለም። ነገር ግን ቡይት ራስ አካባቢ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ባቄላና አተር ለመብሰል ከቆላው አገር ይልቅ እጅግ ይዘገያሉ፤ ለአንድ ድስት የሚነደውም እንጨት ያን ያህል ይጨምራል። ሌላም አለ። በስሜን ቤት እሳት የሚነደው ለወጥና ለእንጀራ ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱን ቤተሰቡ የሚሞቀው በእሱ ነው። እሳቱን በግድግዳ ከልሎ ሙቀቱን ወደ ምጣዱ የሚያደርስ ምድጃ በዚያው ልክ ቤቱን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ባለቤቲቱ እንጀራውን በምርት ጋግራ ስታበቃ ጉልቻውን እንደገና ብታነድ ሥልጠናው አልገባትም ማለት አይደለም። ንድፉ ያልመለሰላት ጥያቄ ስላለ ነው። ሪፖርቱ ግን ይህን ቤት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የሚጠቀም ቤት ብሎ ይመዘግበዋል፤ ነዳፊውም ጥያቄው ሳይደርሰው ይቀራል።

ሦስተኛው መከራከሪያ ክብደት ያለው ነው። ንድፍ ከተለቀቀ ማንም እየኮረጀ ጥራቱን ያበላሸዋል፣ ስለዚህ መዝጋት ይሻላል ይባላል። ማስረጃ ሆና የምትቀርበው ላቀች የተባለችው የከሰል ምድጃ ናት። የላቀች የዘር ሐረግ ረጅም ነው። ከታይላንድ የባልዲ ምድጃ ኬንያውያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጂኮ የተባለውን የከሰል ምድጃ አወጡ፤ ከጂኮ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ሸክላ የሆነው ላቀች ተወለደ። ሦስት አገሮች አንድን ሐሳብ እየተቀባበሉ ለራሳቸው ገበያና ለራሳቸው ሸክላ አስማሙት። ይህ ክፍት ንድፍ በጥሩ ቀኑ የሚሠራው ሥራ ነው። ከዚያ ግን ቆርቆሮው የሳሳ፣ ሸክላው በቅጡ ያልተቃጠለ፣ መጠኑ ያልተጠበቀ ላቀች በየገበያው በዛ። በኬንያም ጂኮ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል።

ይህ እውነት ነው፤ ከእውነቱ የሚወጣው መደምደሚያ ግን የተለየ ነው። ላቀች የተበላሸችው ቅርጿ ስለተለቀቀ አይደለም። ቅርጿ ብቻ ስለተለቀቀ ነው። ቆርቆሮው ምን ያህል መወፈር እንዳለበት፣ ሸክላው ምን ያህል መቃጠል እንዳለበት፣ ገዢው ቆሞ በምን እንደሚፈትን የሚናገረው ዕውቀት ከቅርጹ ጋር ገበያ አልወረደም። ቀጥቃጩ ያየውን ቅርጽ ቀዳ፤ ገዢዋም በዋጋ ከመለየት ሌላ መንገድ አልነበራትም። መዝጋት ይህን አይፈውስም፤ መለኪያውንና ምክንያቱን ከንድፉ ጋር መልቀቅ ግን ይፈውሳል።

በሰፊው ዓለም ያለው ልምድም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲስፋፋ በብዙ አገሮች ያሉ ቡድኖች የመተንፈሻ መሣሪያ ንድፍ ለቀቁ። ጋዜጦች ቁጥራቸውን እየጠቀሱ አደነቁ። በክፍት ሃርድዌር ምርምር የሚታወቀው ጆሹዋ ፒርስ በዚያው ዓመት ንድፎቹን ገምግሞ ያገኘው ሌላ ነው። በወጉ የተፈተኑት ሌላ ሰው እንዲሠራቸው የሚያስችል የተሟላ ሰነድ ጎደላቸው፤ ሰነዳቸው የተለቀቀው ደግሞ ገና በጅምር ላይ ነበሩ፣ አንዳንዶቹ ናሙና እንኳ አልነበራቸውም። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል እንዲሉ፣ ዜናው የደረሰው በደንብ ላስተዋወቀው እንጂ በደንብ ለሠራው አልነበረም።

በአንጻሩ ሬፕራፕን ማየት ይጠቅማል። አድሪያን ቦየር በእንግሊዝ የባዝ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 የራሱን ክፍሎች ማተም የሚችል ስሪዲ ፕሪንተር ጀመረ። ማኅበረሰቡ ሕያው መሆኑ የታወቀው ፋይሉ በብዛት ስለወረደ አይደለም። ቦየርን የማያውቁ ሰዎች በሌላ አገር ማሽኑን ሠርተው፣ የከበዳቸውን አቃልለው፣ ለውጡን መልሰው ለሌላው ስለሰጡ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቼካዊው ዮሴፍ ፕሩሻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ያቀለለው ንድፍ ከመነሻው ይበልጥ ተስፋፋ። የልጅ ልጅ ንድፍ አያቱን ሲበልጥ በዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ ሥራ እንዳለ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

በሶፍትዌር የለመደ ሰው ግን ይህን በቀላሉ ይስታል። ፕሮግራሞች በሚጋሩበት በጊትሀብ ድረ ገጽ ላይ ስንት ለውጥ ተመዘገበ፣ ስንት ሰው ኮከብ ሰጠ ብሎ ይፈርዳል። የኮምፒውተር ፕሮግራም ከተጻፈ በማንኛውም ማሽን ወዲያው ሊሞከር ይችላል፤ የምድጃ ንድፍ ግን ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ሞልድ፣ እጅና ጊዜ እስኪያገኝ ድረስ ሥዕል ነው። በሥዕሉ ላይ በየቀኑ መስመር የሚያርም አንድ ሰው ብዙ እንቅስቃሴ ያለ ያስመስላል። ኢንተርኔት የሌለው የዳባት አምራች በበኩሉ ለዓመታት የሠራው ማሻሻያ የትም አይመዘገብም። የክፍት ሃርድዌር ማኅበር የሚሰጠው ምስክር ወረቀትም ንድፉ በእርግጥ ክፍት መሆኑን ይናገራል እንጂ ዕቃው ይሠራል አይልም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ዲን ስፔክ 3105 የተባለ መመሪያ ወደ ቁም ነገሩ ጠጋ ብሏል፤ የሚመዝነው ሰነዱ ሌላ ሰው ዕቃውን እንዲሠራው ያስችላል ወይ የሚለውን ነው፤ ምዘናውንም ለማኅበረሰቡ ይሰጣል።

በአገራችን የፈጠራ መድረኮች ይህ ጥያቄ ገና አልገባም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ የፈጠራ ማዕከሉ አይስአዲስ ሲቋቋም፣ በኋላም የቴክኖሎጂ ኩባንያው አይኮግ ላብስ ሶልቭ አይቲ የተባለውን የወጣቶች ውድድር ሲያካሂድ ለብዙ ልጆች በር ተከፍቷል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ችግሩ በዙሪያው ያደገው የፍርድ ልማድ ነው። ናሙናው መድረክ ላይ ይሠራል፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ከዓመት በኋላ ሁለተኛው ተሠርቶ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ወይም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት የፓተንት ወይም የአነስተኛ ፈጠራ ምስክር ወረቀት ሲገኝ ጥራት የተረጋገጠ ይመስላል። ያ ወረቀት ባለመብቱን ከኮራጅ ይጠብቃል፤ ምጣድ ሥር ገብቶ ጭስ አይለካም።

እውነተኛ የንድፍ ማኅበረሰብ ምን እንደሚመስል ለማየት የደባርቅ ገበሬ ሩቅ አይሄድም፤ እርሻው ላይ አለ። እርፉን፣ ድግሩንና ሞፈሩን ከእንጨት ራሱ ይጠርባል ወይም እጁ የሰላ ጎረቤት ይጠርብለታል። ምራኑን ከቆዳ ይሠራል፤ ማረሻውንና ወገሉን ቀጥቃጭ ያወጣለታል። እርሻ መካከል ድግር ቢሰበር ገበሬው የቢሮ ደብዳቤ አይጠብቅም፤ ዛፍ ፈልጎ ጠርቦ ይመለሳል። አፈሩ ሲጠነክር ወይም በሬው ሲደክም አገጣጠሙን ያስተካክላል። ይህ ዕቃ የታወቀ ነዳፊ የለውም፣ ፈቃድ የለውም፣ ሠልጣኝ አልተቆጠረለትም። ነገር ግን በየመንደሩ የሚሠራው፣ የሚጠግነውና የሚያሻሽለው ሰው አለ። ስንት ተሠራጨ ብሎ የጠየቀ የለም፤ የዘለቀውም ስለሚጠገን ነው።

ከዚህ ጋር የቀድሞው የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአጋሮቹ ጋር ያወጣውን የመደብ ማውጫ እርሻ ማነጻጸር ይቻላል። ዓላማው በመረሬ መሬት ላይ የተኛውን ውሃ ማንጠፍ ነበር፤ ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ መነሻውም ሁለት የገበሬ እርሻ ዕቃዎችን ማገናኘት ነው። ገበሬዎች ካነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ ግን ክብደቱ ነበር። ቅሬታው በጊዜው ወደ ንድፉ ተመልሶ ከገባ መሣሪያው ይሻሻላል፤ ሠልጣኝ በመቁጠር ብቻ ከታለፈ በየጎተራው ተሰቅሎ ይቀራል።

የገበሬውን ማረሻ የሚያወጣው ቀጥቃጭና ምጣዱን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ በሰሜኑ አገር ለዘመናት ቡዳ ተብለው ተንቀዋል። በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ለአካባቢው ገበሬ ዕቃ እየሠሩ ከማዕዱ ተገልለው ኖረዋል። ያ ንቀት ዛሬ በሌላ መልክ ይታያል፤ ለነዳፊው መሐንዲስ ሽልማት ሲሰጥ የሠሪው ዕውቀት ልማድ ተብሎ ይታለፋል። የምርት ምድጃ ግማሽ ጥራቱ ከምጣዱ ጋር በመግጠሙ ነው። ምጣዱን የምትሠራው ሴት በንድፉ ስብሰባ ላይ ካልተቀመጠች ንድፉ አልተሟላም።

ያለ ቁጥር መንግሥትም ለጋሽም ማቀድ አይችልም የሚል ሰው ትክክል ነው። ስለዚህ ይቆጠር፤ የሚቆጠረው ግን ይለወጥ። ድጋፍ ከቆመ ከሁለት ዓመት በኋላ ስንት አምራች አሁንም ይሠራል? የመጀመሪያው ምድጃ ሲያረጅ ስንት ቤት ሁለተኛውን ፈለገ? ስንት የተሰበረ ክፍል በተናጠል ተተካ? ምርት ስድስት ክፍል ያለው ዕቃ ስለሆነ አንዱ ሲሰበር አንዱን ብቻ መተካት መቻል አለበት፤ ይህ በተግባር ይሆናል ወይ የሚለው አንድ ጥያቄ ብቻውን ከብዙ ገጽ ሪፖርት ይበልጥ ይናገራል። ከመስክ የመጣ ስንት ለውጥ ወደ ንድፉ ገባ? የምርት ግድግዳ ውፍረት ከ6 ሴንቲ ሜትር ወደ 4 ዝቅ ብሎ ቀጭኑ ምርት መውጣቱ ንድፍ ሲማር ምን እንደሚመስል ያሳያል፤ ሲሚንቶ ቆጠበ፣ ክብደት ቀነሰ። እንዲህ ያለ ለውጥ ከማን እንደመጣና ምን እንዳስከተለ ተጽፎ ለየአምራቹ መድረስ አለበት፤ የከሸፈ ሙከራም አብሮ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ለደባርቅ ከአቅም በላይ አይደለም። ከተማዋ ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም በዳባት ለብዙ ዓመታት የቤተሰብ ጤና መረጃ ሲከታተል ስለኖረ ጓዳ ድረስ ገብቶ መጠየቅን የሚያውቁ ሰዎች በአካባቢው አሉ። ማገዶን ለመለካት የሚያስፈልገው ሚዛን፣ መዝገብና ትዕግሥት ነው፤ ከመጋገር በፊት እንጨቱ ይመዘናል፣ ሊጡ ይመዘናል፣ ሲያበቃ የተረፈው እንጨትና ፍም ይመዘናል። ይህ በዓመት ውስጥ በክረምትም በበጋም፣ በደባርቅ ከተማም ቡይት ራስ አጠገብ ባሉ መንደሮችም ይደገም። ሞልዶች በየዓመቱ ተሰብስበው ከዋናው ልክ ጋር ይነጻጸሩ። በአሸዋ የተሠራውና በፑሚስ የተሠራው ጎን ለጎን ይፈተን፣ በብርድ የሚያስፈልገው የውሃ ማጠጫ ጊዜ ተለክቶ በአማርኛ ይጻፍ። እ.ኤ.አ. በ2016 በፓርኩ ውስጥ ከነበረው የግጭ መንደር ወጥተው ደባርቅ የሰፈሩት ቤተሰቦች ከተራራው ኑሮ ወደ ከተማ ኑሮ ሲሻገሩ የማገዶ ልማዳቸው እንዴት እንደተለወጠ መጠየቅም ከዚሁ ሥራ ጋር ይሄዳል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከየትም አዲስ መምጣት የለበትም። ለአዲስ ሥርጭት ከሚመደበው በጀት ላይ ጥቂቱ ለክትትል፣ ለጥገናና ሠሪዎችን ለማገናኘት ይከለል፤ የወረዳው የኢነርጂ ባለሙያም የሚገመገመው ባስረከበው ምድጃ ብዛት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲነድ ባገኘው ምድጃ ጭምር ይሁን። መዝገቡ ለደባርቅ አምራቾች፣ ለዳባት ሸክላ ሠሪዎችና ለጋጋሪዎቹ በጋራ ይከፈት፤ በዓመት አንድ ጊዜም የተሰነጠቀ ምድጃ፣ የተጣመመ ሞልድና ያልገጠመ ምጣድ ይዘው አንድ ቦታ ይሰብሰቡ።